ጉልላት ያለው የዘበኛ ቤት

ባለፈው ሐሙስ ከሐኪም ስመለስ አንድ የዘበኛ ቤት ተሳለምሁ። እንዲህ ተብሎ ሲጻፍ የአእምሮ መድከም ይመስላል፤ ልጄም የመሰላት ይኸው ነው። ያለሁት እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ በምትባል ከተማ፣ ልጄ ዘንድ ነው። ከቤታችን ቁልቁል አንድ ሰፊ መናፈሻ አለ፤ በበሩ አጠገብ ደግሞ በጥቁር ድንጋይ የተሠራች፣ ጣራዋ የሾለ አንዲት ትንሽ ቤት አለች። ድሮ የመናፈሻው ዘበኛ ከነቤተሰቡ ይኖርባት ነበር ይላሉ። ስንት ዓመት ሙሉ በማኪና ሳልፋት ልብ ብያት አላውቅም። ያን ቀን ግን የልጄ ማኪና ጋራዥ ገብታ ስለ ነበር በእግራችን መጣን። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። የረጠበ ድንጋይና የበሰበሰ ቅጠል ሸተተኝ፤ ቀና ስል ከጣራዋ ጫፍ ላይ አንድ የብረት ዘንግ ቆሟል። ከዚያ በኋላ ያለውን እጄና ጉልበቴ ናቸው የሠሩት፤ እኔን አላማከሩኝም። ነጠላዬን አስተካክዬ፣ አማትቤ፣ ጠጋ ብዬ ግንቡን ሳምሁት።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው? ሰው ያያል እኮ» አለች ልጄ ጽጌ፣ ክንዴን ይዛ።

«ይይ።»

«ቤተ ክርስቲያን አይደለም። የዘበኛ ቤት ነው።»

«አውቃለሁ። አንቺስ የት የተወለድሽ ይመስልሻል?»

ጎንደር መወለዷን ታውቃለች፤ በየመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ላይ ስትሞላው ኖራለች። ያደገችበትን ቤትም አልረሳችውም፤ በምን ዓይነት ግርግር መካከል እንደ ተወለደች ግን አንድም ቀን አጫውቻት አላውቅም። አባቷ በሕይወት ሳለ እርሱ ያወራላታል ብዬ ተውሁት፤ እርሱም ለእኔ ትቶት ኖሯል። እንግዲህ ዓይኔ ጨርሶ ሳይደክም ልጻፈው ብዬ ተቀመጥሁ።

የድብ ባሕር ልጅ ነኝ፤ ከሊማሊሞ ግርጌ። ለጎንደር ማዘጋጃ ቤት ዘበኛ የተዳርሁት ጣልያን ከሄደ ወዲህ፣ በንጉሡ ዘመን ነው። ዓመቱን አልናገርም፤ ብናገርም አጣርሰዋለሁ። ላምባ በጠርሙስ ዐሥር ሳንቲም ነበር። ስኳር እንደ መድኃኒት በወረቀት ተጠቅልሎ ይሸጥ ነበር። ጎማ ጫማ ያደረገ ሰው በገበያ መካከል ሲያልፍ ሴቶች ዘወር ብለው ያዩት ነበር። የእኔ የሙሽራ ቀሚስ አቡጀዲ ነው፤ ጥልፉን አክስቴ በአንድ ጾም ሙሉ ጠልፋ ጨረሰችው፤ መቀነቱ እንደ ጅራፍ ረዥም ነበር፣ ሦስት ጊዜ ዞሮኝ ይተርፋል። ሙሽራ በበቅሎ ነው የምትወሰደው። እኔ ግን የተጫንሁት በእህል ማኪና ነው፤ ትሬንታ ኳትሮ የሚሉት ትልቅ ማኪና ከዛሪማ እህል ጭኖ ሲያልፍ ሚዜዎቹ ሹፌሩን በአንድ ገንቦ ጠላ አባብለው ከነአጃቢው ከጆንያው ላይ አወጡን። ሊማሊሞን መውጣት ስንጀምር ሁሉም ያጨበጭብና ይዘፍን ነበር። ሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ ዘፈኑ ቀጥ አለና በየፊናው ማስመለስ ሆነ። እኔ ውዳሴ ማርያም እደግም ነበር፤ የተረፍሁት በእርሱ ነው።

ወለቃን አልፈን ከተማው ጫፍ ስንደርስ ማኪናው ቆመ፤ ከጆንያው ላይ አወረዱኝ። በዓይነ ርግቤ ሥር ቀና ብል ዛፍ ብቻ ነው፤ ጥድ፣ ወይራ፣ ባሕር ዛፍ፣ ስሙን የማላውቀው ሐምራዊ አበባ የሚያወርድ ዛፍ። ዙሪያውን የድንጋይ ቅጥር አለው። በቅጥሩ በር ላይ አንድ ክብ የድንጋይ ቤት አለ፤ ጣራው ሣር አይደለ፣ ቆርቆሮ አይደለ፣ ድንጋዩ ራሱ ተጠማዝዞ እንደ እንቁላል ጫፍ ተገጥሟል። ከአናቱ የብረት ዘንግ ቆሟል፤ በዘንጉ ላይ አራት ነጫጭ የሰጎን እንቁላሎች ተሰክተዋል። የእኛን አገር የማያውቅ ሰው ይህን ይስማልኝ፦ እኛ ዘንድ ዛፍ ተሰብስቦ የሚታየው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ብቻ ነው፤ የቀረው ምድር እርሻና ግጦሽ ነው። ገበሬ በሩቅ ጫካ ካየ ካለበት ሆኖ ያማትባል። የሰጎን እንቁላልም ከቤተ ክርስቲያን ጉልላት በቀር ሌላ ቦታ አይሰካም። እንግዲህ እኔ ምን ልበል? ሚዜዎቹ ለቡራኬ ያቆሙ መሰለኝና ወድቄ መድረኩን ሳምሁ። አጃቢዎቼ ሁሉ የገበሬ ልጆች ናቸው፤ ሙሽራዋ ስትሳለም ቆመው ሊያዩ ነው? እነርሱም ተደፉ። ባለቤቴ አያ ታከለ አዲስ ካኪ ኮቱን ለብሶ፣ የነሐስ ቁልፎቹን በአመድ ወልውሎ ከበሩ ላይ ይጠብቀን ነበር። ሃያ ሰው ደጃፉ ላይ ተደፍቶ ሲያይ ግራ ገባውና እርሱም ባርኔጣውን አውልቆ አማተበ። ኋላ ስጠይቀው፣ «ሁሉም ሲሳለም እኔ ብቻዬን ተገትሬ አረመኔ ልምሰል?» አለኝ።

ከዚያ በሩን ከፈቱልኝ። ወደ ውስጥ ባይ አልጋ ተዘርግቷል።

«አልገባም» አልሁ።

«ምነው?» አለ አንደኛው ሚዜ።

«ከቤተ መቅደስ አልጋ ምን ይሠራል?»

«የምን ቤተ መቅደስ? የባልሽ ቤት ነው።»

«ባሌ ቄስ ነው? ዘበኛ ነው አላላችሁኝም?»

«ዘበኛ ነው።»

«ታዲያ ዘበኛ ከውጭ ይቆማል እንጂ ከመቅደስ ውስጥ ይተኛል?»

ሚዜው ወደ ባለቤቴ ዞሮ፣ «አያ ታከለ፣ ሚስትህ ካንተ ይልቅ ደንቡን ታውቃለች» አለው። ቢለምኑኝ፣ ቢቆጡኝ እንቢ አልሁ። በመጨረሻ የሰፈሩን ደብር አለቃ፣ አለቃ ጥበቡን ጠሯቸው። እርሳቸው አጭር፣ ድምፃቸው ግን ከቁመታቸው እጥፍ የሆነ ሰው ነበሩ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የነፍስ አባታችን ሆኑ። ገብተው ዙሪያውን አዩ፤ አልጋውን በመቋሚያቸው ወጋ ወጋ አደረጉ፤ ድስት ከፍተው አሸተቱ። «ታቦት የለው፣ መንበር የለው። ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። ቤት ነው፤ ግቢ ልጄ» አሉኝ። ጸበል ረጭተውልኝ ገባሁ። እንዲህ ሆኜ ነው ትዳር የያዝሁት።

ቤቱን የሠራው ሙሴ ብሩኖ የሚባል ጣልያናዊ ግንበኛ ነው። ወገኖቹ ሲሄዱ እርሱ ቀረ፤ ፒያሳ ከፓስታ መሸጫው ጀርባ፣ የብረት አልጋና የመቃብር ሐውልት በአንድ ግቢ ይሠራ ነበር፤ ደንበኛው ለየትኛው እንደ መጣ ከፊቱ አውቃለሁ ይል ነበር። ያ ዛፍ ሁሉ መናፈሻ ነው፤ በጣልያን ጊዜ ለመኮንኖቻቸው የተተከለ። ሙሴ ብሩኖ ስለ ቤቱ ሲጠየቅ፣ «አለቃዬ ለዘበኛ አራት ማዕዘን ሣጥን ሥራ አለ። እኔ ወደ ላይ አይ፣ የፋሲል ግንብ አለ። ከእርሱ ሥር ሣጥን? እጄ አፈረ» ይላል። ስለዚህ የነገሥታቱን ግንብ የማዕዘን ማማ አይቶ፣ እርሱን አሳንሶ ሠራው። የሰጎን እንቁላሎቹስ? ከስልክ ሽቦ ዝርጋታ የተረፉ፣ በየስልኩ እንጨት ላይ የሚታዩት ነጫጭ የሸክላ ስኒዎች ናቸው። «ዘንጉ ራቁቱን ሆነ፤ ከፋኝ፤ አለበስሁት» አለ። ለዚያ ሁሉ ስግደት ምክንያቱ የአንድ ግንበኛ ይሉኝታ ነው።

ለመኖር እንዴት ያለ ቤት ነበር መሰላችሁ። ማዕዘን የለውም። አልጋው ከግንቡ ጋር አይገጥምም፤ ሣጥኑ አይገጥምም፤ ከእያንዳንዱ ዕቃ ጀርባ እንደ ግማሽ ጨረቃ ያለ ክፍተት ይቀራል፤ ማንኪያም፣ መርፌም፣ አንድ ጊዜ የጎረቤት ጫጩትም እዚያ ገብቶ ይጠፋል። ሁለት በር አለው፤ አንዱ ወደ መንገድ፣ አንዱ ወደ መናፈሻ። ሁለት ክብ መስኮቶች አሉት፤ ባለቤቴ በአንዱ ብቅ ሲል ከደጅ የሚታየው ጢሙና ባርኔጣው ብቻ ነው። ከሁሉ የባሰው ግን ጣራው ነው። እዚህ ዳር በሹክሹክታ የተናገርሽው እዚያ ዳር እንደ አዋጅ ይሰማል። በዚያ ቤት ባልና ሚስት ቀስ ብለው መጣላት አይችሉም። እኔ ማለዳ ውዳሴዬን ስደግም ደጅ ያለ ሰው ማኅሌት የቆመ ይመስለው ነበር፤ የታከለ ማንኮራፋት ደግሞ፣ እግዜር ይማረው፣ ከበሮ የሚመታ ይመስል ነበር። አንድ ማሲንቆ መቺ በሰፈሩ ጠጅ ቤት እንዲህ ብሎብናል፦

የታከለ ቤቱ ጉልላቱ ማማሩ፣
ቅዳሴው ቀረና ወጥ ይሸታል በሩ።

ለዚህች ግጥም ታከለ ስሙኒ ሸለመው። እኔ አኮረፍሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ሌላ ነው። ከደባርቅ፣ ከዳባት፣ ከጃናሞራ ወደ ጎንደር ገበያ የሚወርደው ሰው ሁሉ በእኛ ደጅ ያልፋል፤ አህያው ጌሾ፣ ገብስ፣ ቆዳ ጭኖ። የጎንደር አርባ አራት ታቦት ተብሎ ሲነገረው ያደገ ነው፤ ገና ከተማ ሲገባ አንዱን አገኘሁ ብሎ ይደሰታል። በቅሎ የተቀመጠ ይወርዳል፤ ቆብ ያደረገ ያወልቃል፤ ሴቶቹ ጭነታቸውን አውርደው ግንቡን ይስማሉ። ታከለ መጀመሪያ ላይ በጨዋ ቋንቋ ሊያስረዳ ሞከረ።

«ወገኖቼ፣ ይህ ቤት ነው። እኔ ነኝ የምተኛበት።»

«ምነው፣ ታድለህ» ይሉታል።

ከመካነ ብርሃን በየወሩ የሚመጡ አያ ውድነህ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ እርሳቸው ደግሞ ጠጋ ብለው፣ «ምን ሠርተህ ነው ልጄ ለዚህ የበቃህ?» ብለው ጠየቁት። «ማዘጋጃ ቤት ቀጥሮኝ ነው» አላቸው። ይህን ትሕትና ነው ብለው ጉልበቱን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ሮጦ መናፈሻው ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲያ መላ ፈለገ። ልብስ አጥበሽ ግንቡ ላይ አስጪ አለኝ፤ አሰጣሁ፤ የካህናቱ ልብስ ነው ብለው ጫፉን ሳሙት፤ የሳሙት የታከለን እጀ ጠባብ ነው። በርበሬ ከደጅ ዘርግቼ አደረቅሁ፤ ለዝክር የተዘጋጀ ነው ተባለ፤ ሰዎች ከራሳቸው ጆንያ ዘግነው ጨመሩበት። ታከለ በመስኮቱ ብቅ ብሎ ሳል ቢል አንዲት ሴት የቅዱሱ ድምፅ መስሏት በግንባሯ ተደፋች። ጧፍ፣ ዕጣን፣ የመጋረጃ ጨርቅ፣ አንድ ጊዜም ዘርፍ ያለው ሸጋ ጥላ ከደጃችን ትተው ይሄዳሉ። እኔ ሁሉንም እሑድ እሑድ ተሸክሜ ለአለቃ ጥበቡ አስረክብ ነበር። አንዲት ክር አላስቀረሁም፤ ይህን በፈጣሪ ፊት መናገር እችላለሁ።

አንድ ነገር ግን አስቀርቻለሁ። ሰው ከደጄ ሲያጎነብስ እኔ ከውስጥ ቆሜ ደስ ይለኝ ነበር። ከድብ ባሕር በእህል ጆንያ ላይ የመጣሁ ልጅ፣ እነዚያ ሁሉ ራሶች በሬ ላይ ዝቅ ሲሉ። ይህን ለአለቃ ጥበቡ ተናዘዝሁ። እርሳቸውም፣ «እንግዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሚሳለመው ሁሉ ጎንበስ ብለሽ ውኃ አጠጪ» ብለው ቀኖና ሰጡኝ። ታዘዝሁ። እንስራዬን ከደጅ አቁሜ በቅል እየቀዳሁ አጠጣሁ። በሦስተኛው ቅዳሜ ሰዉ ጸበል ነው ብሎ በጠርሙስ ይወስድ ጀመር፤ የታመመች አህያ ሳይቀር አምጥተው አስረጩኝ። አህያዋ ደግሞ ዳነች። አለቃ ይህን ሲሰሙ መቋሚያቸውን ጣሉት።

ከዚያ በኋላ የሳቁ ነገር ቀረ። የገበያው ሰው ከእኛ ደጅ እየተሳለመ በቀጥታ ወደ ገበያ መሄድ ስለ ጀመረ፣ ከእኛ ዐልፎ ያለው የአለቃ ጥበቡ ደብር ቅዳሜ ቅዳሜ ጭር አለ። አለቃ ተጨነቁና ለማዘጋጃ ቤት አመለከቱ። የነፍስ አባታችንም ከሳሻችንም እርሳቸው ሆኑ። ከማመልከታቸው በፊት ቤታችን መጥተው፣ «ልከሳችሁ ነው፤ ይቅር በሉኝ» ብለዋል፤ ምሳም በልተው ነው የሄዱት። ያሰቡት ጉልላቱ ብቻ እንዲነሳ ነበር። ማዘጋጃ ቤት የላከው ሹም ግን ሌላ አሰበ። ወጣት ነው፤ ከረባትና ባርኔጣ አድርጓል፤ የቆዳ ቦርሳ ይዟል። ቤቱን ዞሮ አየና፣ ይፈርሳል፣ በቦታው አንድ ዘበኛ ቆሞ የሚጠብቅባት የጣውላ ሣጥን ትተካለች አለ። የዛሬ ሳምንት ቅዳሜ ብሎ ቀን ቆረጠ። በቀይ አፈር የተበጠበጠ ኖራ አስመጥቶ፣ መፍረሱ እንዲታወቅ ከበሩ አጠገብ ግንቡ ላይ አንዱን መስመር በሌላው ላይ አጋድሞ ትልቅ ምልክት ሣለ።

ምልክቱን አይቼ፣ «አያ ታከለ፣ መስቀል ሣለብን እኮ» አልሁት።

«አየሁ» አለ። አልሳቀም። በዚያ ሳምንት ሲስቅ አላየሁትም። ድንኳን ለድንኳን ሲንከራተት የኖረ ወታደር ነበር፤ ያ ቤት በሕይወቱ ያገኘው የመጀመሪያው የድንጋይ ቤት ነው። እኔ ደግሞ ወር የገባሁ ነፍሰ ጡር ነበርሁ። ሌላ ቤት የለንም፤ ዘመድ የለንም፤ የዘበኛ ደመወዝ ቤት አያከራይም። አንድ ቀን ማታ ራት አቅርቤ፣ «ሣጥኗ ምን ያህል ናት?» አልሁት። እጆቹን በትከሻው ልክ ዘርግቶ አሳየኝ። «ለእኔ ትበቃኛለች። አንቺንና ልጁን ግን የት እንደማደርጋችሁ አላውቅም» አለ። ጣራው ቃሉን ተቀብሎ ደጋገመው። የዚያን ቀን ያን ጣራ ጠላሁት።

ወርኃ ጽጌ ነበር፤ ሜዳው ሁሉ አበባ የለበሰበት። ያች ቅዳሜ ስትነጋ ምጤ መጣ። አዋላጇ እማማ ብርቄ ሁለት ጎረቤቶቻችንን ይዛ ገባች። ረፋዱ ላይ ሹሙ ሁለት መዶሻ የያዙ ሠራተኞችና ሙሴ ብሩኖን አስከትሎ ደረሰ። እኔ አልጋ ላይ ሆኜ ሁሉን እሰማለሁ፤ ጣራው ምንም አያስቀርም።

«ዛሬ አይሆንም ጌታዬ። ባለቤቴ ምጥ ላይ ናት» ይላል ታከለ።

«ቀኑ ተቆርጧል።»

«የእርሷም ቀን ዛሬ ነው።»

«እንግዲያ ከጣራው እንጀምራለን፤ እርሷ እስክትጨርስ።»

ሙሴ ብሩኖ ጣልቃ ገባ። «ያ ጣራ ውስጡ ብረት የለም። አንድ ድንጋይ አወጣህ፣ ሁሉም መጣ። እኔ ቤት ሠራሁ፤ ሰው ላይ አልጥልም። ደግሞ ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም የቱ ድንጋይ የቱን ይዞ።»

ሹሙ ተናደደና፣ «ምልክት የተደረገበት ቤት ነው» ብሎ ወደ ግንቡ ዞረ። ምልክቱ የለም። በቦታው ትንሽ ሮዝ ነገር ብቻ ቀርቷል።

«ምልክቴን ማን ፋቀው?»

«ማንም አልፋቀውም ጌታዬ» አለ ታከለ። «ተሳልመው ጨረሱት።»

እውነቱን ነው። ሳምንቱን ሙሉ አላፊው ሁሉ መስቀሉን ሲስም፣ ግንባሩን ሲያሳርፍበት ሰንብቷል፤ በዚያ ሰሞን ከጎንደር የተመለሰ ገበሬ ሁሉ ግንባሩ ቀይ ነበር ይባላል። ሹሙ ጉዳዩን ገና ሲያላምጥ እኔ ውስጥ ወለድሁ። እማማ ብርቄ ልጅቷን ከፍ አድርጋ አየቻትና፣ ለሴት ልጅ እንደሚገባው፣ ከሁለቱ ጎረቤቶች ጋር ሦስት ጊዜ እልል አሉ። ሦስት ጊዜ ብቻ። የሙሴ ብሩኖ ጣራ ግን ሦስቱን ተቀብሎ ሠላሳ አደረገው፤ በሁለቱ በር፣ በሁለቱ መስኮት አፍልቆ ወደ መንገዱ ለቀቀው።

ውጭ የሆነውን በኋላ የሰማሁት ከታከለ ነው። የገበያው ሰው በሙሉ ከመንገዱ ላይ ነበር። እልልታውን ሲሰማ አንዱ፣ «ታቦት ወጣ» አለ። በዚያች ቅጽበት ጭነት ወረደ፣ በቅሎ የተቀመጠ ወረደ፤ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ተንበረከከ። ሴቶቹ ከደጅ እልልታውን ተቀበሉ። ከደባርቅ የመጣ ማኪና ቆመ፤ ሹፌሩም ወርዶ ተንበረከከ። መዶሻ የያዙት ሁለቱ መዶሻቸውን አስቀምጠው ተንበረከኩ። በዚህ መካከል አለቃ ጥበቡ እልልታውን ከደብራቸው ሰምተው ነጠላቸውን እየጎተቱ ሲሮጡ መጡ።

«የማን ታቦት ነው ያለ እኔ ፈቃድ የወጣው?» እያሉ ሕዝቡን በመቋሚያቸው ሰነጠቁት።

በሩ ተከፈተና እማማ ብርቄ እጅጌዋን እንደ ሰበሰበች፣ የውኃ ሳህን ይዛ ብቅ አለች። «ምን ታቦት ታቦት ትላላችሁ? አራስ ናት። ዞር በሉ፤ ውኃ ልድፋበት» አለች።

አራስ ያለችበት ቤት ቤተ ክርስቲያን ሊሆን እንደማይችል ሕፃንም ያውቃል፤ ሴት የወለደች ሰማንያ ቀን ሳይሞላት ከቅጽሩ አትገባም። ከመካከል አያ ውድነህ፣ የመካነ ብርሃኑ ሽማግሌ፣ ቀስ ብለው ተነሡ።

«እንግዲያ አባቴ፣ እኛ ይህን ያህል ዘመን የተሳለምነው ምንድን ነው? የሽሮ ድስት ነው?»

ሰው ሁሉ ወደ አለቃ ዞረ። እኔም ከውስጥ ልጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጆሮዬን አቀናሁ፤ የራሴም ጥያቄ ነበርና። አለቃ ያን ትልቅ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉት።

«ስትሰግድ የማንን ስም ጠራህ?»

«የእግዚአብሔርን።»

«እንግዲያ እርሱ ሰምቷል። የተሳሳትኸው አንተ ነህ እንጂ እርሱ የት እንደ ቆምህ አይጠፋውም። ሂድ፤ ደብሬ ከዚያ ዳገት ላይ ናት፤ እንዳትረሳት።» ከዚያ ወደ ሹሙ ዞሩ። «አንተስ ልጄ፣ ባርኔጣህን ለማን አወለቅህ?»

ሹሙ ወደ እጁ አየ። ባርኔጣው እጁ ላይ ነው። መቼ እንዳወለቀው አያውቅም። መልሶ ሊያደርገው አሰበ፤ ያ ሁሉ ሕዝብ ያየዋል። ባርኔጣውን በእጁ እንደ ያዘ፣ «አራስ ያለችበት ቤት አይፈርስም። ክርስትናዋ እስኪደርስ ይቆይ» አለ። ለወንድ ቢሆን አርባ ቀን ነው። ሴት በመሆኗ ሰማንያ ቀን አገኘን። ታከለ ወንድ ልጅ ሲመኝ ነበር፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ግን ወንድ ልጅ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም።

ሰማንያው ቀን ሲሞላ ልጅቷን ክርስትና አስነሣን፤ ጽጌ አልናት። ከክርስትናው ስንመለስ ሹሙ ከበራችን ቆሟል። መዶሻ ግን አልያዘም፤ ከኋላው ጥቁር ካባ የደረበች ወጣት ሴት አለች። ሚስቱ ናት። ለካ ያች ቅዳሜ ወሬዋ በየገጠሩ ሌላ ሆኖ ደርሷል፤ ጎንደር በር ላይ ያለው ክብ ቤት ምጥ ያቀላል፣ መካን ያስወልዳል ተብሏል። ሹሙ ዛፍ የሚያይ መስሎ ዘወር አለ። ሚስቱ ጠጋ ብላ፣ ያ ቀይ ምልክት ከነበረበት ላይ መዳፏን አሳርፋ ብዙ ቆየች። እኔ ውኃ ቀድቼ ሰጠኋት። ከዚያ ቀን ወዲያ ስለ መፍረስ የጠየቀን ሰው የለም። ተሳላሚው ግን ባሰ፤ አለቃ ጥበቡም ማመልከት ሰለቻቸው።

ታከለ በዚያ ቤት እስኪሞት ዘበኛ ነበር። ዓምና የእህቴ የልጅ ልጅ በስልክ ፎቶግራፍ ላከልኝ፤ ቆሟል። በታከለ መስኮት የስልክ ካርድ ይሸጥበታል። ከአራቱ እንቁላሎች የቀረው አንድ ነው። ከበሩ አጠገብ፣ በአፍ ቁመት ያለው ድንጋይ ግን ከሌላው ተለይቶ ያብረቀርቃል። ልጁ ዘይት ፈስሶበት ይሆናል አለ። ይሆናል አልሁት።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ለጽጌ ሰጠኋት። ወጥ ቤት ቆማ አነበበችው፤ አንድ ቦታ ላይ ሳቀች፤ የት እንደ ሆነ አልጠየቅኋትም። እሑድ ማኪናዋ ተሠርታ ስለ ነበር ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዛኝ ወጣች። ከመናፈሻው በር ስንደርስ ሬዲዮኗን ዘጋችና ማኪናዋን ሰው በእግሩ እስከሚሄደው ያህል ዝግ አደረገቻት። እኔ ወደ ፊት እያየሁ ነው። ከኋላችን ያለው ሰው ጡሩምባውን ነፋ፤ ደግሞ ነፋ። ልጄ ቤቲቱን እስክናልፍ ድረስ አልቸኮለችም።